የአያት ጠመንጃ በቤት ሲገኝ፦ ታሪኩን እንዴት እንመዝግብ፣ ስለ ትጥቅ መብትስ እንዴት እንከራከር

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች አንድ አዛውንት ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ለቅሶው አልቆ ወይም ሰደቃው ወጥቶ ወራሾች ንብረት ለመቁጠር ሲቀመጡ፣ ከቡና ማሳው፣ ከቤቱና ከከብቱ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነሣ አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም አሮጌው ጠመንጃ ነው። አንዱ ልጅ «የአባቴ ክብር ነውና ከቤት አይወጣም» ይላል፤ ሌላው «ይህ ዕቃ ያሳስረናል» ይላል፤ ሦስተኛው ዋጋውን ያሰላል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ጉዳይ ለገጠመው ቤተሰብ፣ እንዲሁም በሰፈር፣ በትምህርት ቤት ወይም በዕድር ስለ ትጥቅ መብት ውይይት ለመምራት ለተጠየቀ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባል። «ይህ መሣሪያ ከየት መጣ፣ በማን እጅ ነበረ፣ ምን ተሠራበት?» የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው። «ዛሬ ማን ሊይዘው ይገባል?» የሚለው የሕግና የፖለቲካ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው በቀጥታ መልስ አይሆንም፤ አያቴ በክብር ስለታጠቀ እኔም ልታጠቅ ይገባኛል ማለት አይቻልምና። ሆኖም የመጀመሪያውን በቅጡ ያልመረመረ ሰው ሁለተኛውን ሲከራከር ባልሆነ ታሪክ ላይ ቆሞ መከራከሩ አይቀርም።

ዕቃውን ከመንካት በፊት

ጠመንጃው የተገኘው በቆጥ ላይ፣ በጎተራ ውስጥ ወይም በአሮጌ ሣጥን ሥር ቢሆን፣ ባለበት ይተዉት። ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያልተተኮሰበት መሣሪያም ጥይት ጎርሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ባዶ መሆኑ በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጎረሰ ሊቆጠር ይገባዋል። ቃታውን መሞከር፣ ማቀባበል፣ ዝገቱን ለማስለቀቅ መታገል፣ አፈሙዙ ውስጥ ማየት ፈጽሞ አይገባም። ያረጀ ጥይት እንደ አዲሱ አይታመንም፤ በእሳት አጠገብም መቀመጥ የለበትም። ልጆችን ከክፍሉ ያስወጡ፣ በሩን ይቆልፉ።

ቀጥሎ ለፖሊስ ያመልክቱ። ጠመንጃውን በጆንያ ጠቅልሎ በባጃጅ ወደ ጣቢያ መውሰድ በቅን ልቦና የተደረገ ቢሆንም፣ መንገድ ላይ ለሚያቆመዎት ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ ከማዘዋወር የሚለይበት ምልክት የለውም። ስለዚህ ሰው ይሂድ፤ ዕቃው ግን ከቤት አይውጣ። ከቀበሌው ወይም ከሰፈሩ ሁለት የተከበሩ ሰዎችን እማኝ አድርገው ይያዙ፤ የሚቻል ከሆነ የሕግ ባለሙያም ያማክሩ። ፎቶውን በቴሌግራምም ሆነ በቲክቶክ አይልቀቁ፤ እንዲህ ያለው ምስል ገዢም፣ ሌባም፣ ከሳሽም ይጠራል።

ምልክቶቹን ማንበብ

መሣሪያው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው ባለበት ፎቶ ለማንሣትና የተጻፈበትን ለመገልበጥ ይጠይቁ። ከርክክቡ በኋላ ዕቃውን ዳግም ላያዩት ስለሚችሉ ይህን ዕድል አያሳልፉት። መጀመሪያ ሙሉውን በሁለቱም ጎን፣ ከዚያ ብረቱ ከእንጨቱ የሚገናኝበትን፣ ቀጥሎም ሰደፉን ያንሡ። በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ስም፣ መስቀል ወይም ጨረቃ፣ የተመታ የነሐስ ምስማር፣ በጠፍር የተጠገነ ስንጥቅ ቢኖር እያንዳንዱን ለብቻ በቅርብ ያንሡት። የፋብሪካው ጽሑፍ ዕቃው የት እንደተሠራ ይናገራል፤ ጥገናውና ጌጡ ግን የያዙትን ሰዎች ይናገራሉ። በጭስ የጠቆረ ሰደፍ ላይ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ተልጎ ሲያብረቀርቅ ካዩ፣ ዕቃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብቻ እንዳልኖረ መገመት ይቻላል።

የፋብሪካውን ጽሑፍ ለማንበብ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አባቶች ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ሲሆን፣ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ በብዙዎቹም ላይ የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስም ይገኛል። ለበን ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው የ1886 ሞዴል ነው። በጣሊያኑ ካርካኖ ጠመንጃ ላይ ቴርኒ ወይም ብሬሺያ የሚል የከተማ ስምና የተሠራበት ዓመት ሊገኝ ይችላል፤ በአንዳንዶቹ ላይም ፋሽስቶች ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ የሚቆጥሩት የዓመት ቁጥር በሮማውያን አኃዝ ታክሏል። ከቤልጂጉ ኤርስታል ፋብሪካ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንግሥት ከመጡት ማውዘሮች ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተመትቶ ይታያል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው በብረቱ ላይ ያለውን ዓመት እንደ እኛ አቆጣጠር መውሰድ ነው፤ 1936 የሚል ምልክት በእኛ 1928 ወይም 1929 ነው፤ ይህች የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ጠመንጃውን ከወረራው ዘመን አውጥታ ከነፃነት በኋላ ታስቀምጠዋለች። ሁለተኛው፣ ሞዴሉ የወጣበትን ዓመት ወደ አገር ከገባበት ዓመት ጋር ማምታታት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለበንን ለሠራዊቷ ስትመርጥ ግራው ትርፍ ሆነ፤ በጅቡቲና በታጁራ ወደብ በኩል በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የፈሰሰውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የ1874 ሞዴል የሆነ ውጅግራ በቤትዎ መገኘቱ ቅድመ አያትዎ በጉንደትና በጉራ ጦርነት በ1868 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1875 እና 1876) ለመዋጋታቸው ማስረጃ አይሆንም።

አዛውንቶችን መጠየቅ

ከብረቱ የሚገኘው ታሪክ አጭር ነው፤ ረጅሙ በሰው አፍ ነው ያለው። ለመጠየቅ ሲሄዱ ቡና ይዘው ይሂዱ፣ በቀጥታም ስለ ጠመንጃው አይጀምሩ። ጋሼ፣ እማማ ወይም ሐጂ የሚሏቸውን ሰው በሚቀላቸው ቋንቋ ያነጋግሩ፤ የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የሆኑትን በአማርኛ ማስጨነቅ ታሪኩን ያደርቀዋል። የአማርኛው ፉከራና ቀረርቶ፣ የኦሮሞው ጌረርሳ የሰው ስም፣ የወንዝ ስምና የዘመቻ ስም ጠብቀው ስለሚያቆዩ፣ ቢያስታውሱ እንዲያዜሙ ይጠይቁና እንዳለ ይቅረጹት።

«አያቴ ጀግና ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ «አዎን» ከማለት ያለፈ መልስ አያስገኝም። «ጠመንጃውን ማን ሰጣቸው? ወይስ ገዙት? በምን ገዙት? ጥይቱስ ከየት ይመጣ ነበር? ሲወጡ ይዘውት ይወጡ ነበር ወይስ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ? በደርግ ጊዜ የት ተደበቀ?» ብሎ መጠየቅ ግን አንዱ ሌላውን ይስባል። የጥይት ጥያቄ በተለይ መዘለል የለበትም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ራሱ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ስለነበር፣ በሣጥን ውስጥ ጥቂት ጥይትና ቀለህ መገኘቱ ባለቤቱ ነጋዴ እንጂ ዘማች አለመሆናቸውን ሊያመለክት ይችላል። በሂርማታ ገበያ ላይ ለቆመችው ለጅማ ከተማ ይህ የሚያሳፍር ታሪክ አይደለም።

ሴቶችን ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠመንጃውን ማን እንደተኮሰ ወንዶቹ ይናገራሉ፤ ማን እንደደበቀው፣ በፍተሻ ሌሊት ምን እንደተደረገ፣ በእርሱ ምክንያት ማን እንደሞተ ወይም እንደተሰደደ የሚያውቁት ግን ብዙውን ጊዜ እናቶች ናቸው። የቤቱን ወረቀትም ይፈልጉ፤ የአርበኝነት ምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ወይም የገበሬ ማኅበር ደብዳቤ፣ የቆየ ፎቶግራፍ ሁሉ ይጠቅማል። ከቤት ውጭ ለሚደረገው ፍለጋ የጅማ ሙዚየም፣ በአዲስ አበባም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በር የሚንኳኳባቸው ናቸው።

ታሪኩን በጅማ ላይ ማስቀመጥ

የተሰበሰበው ሁሉ ትርጉም የሚያገኘው በቦታው ታሪክ ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ የጅማም ታሪክ ከአጎራባቾቿ የተለየ ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ በዚህም ምክንያት በጦር በተያዙት የደቡብ አገሮች የተተከለው የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት በጅማ ላይ በዚያው መልክ አልወረደም። የጅማ ራስ ገዝነት ያበቃው በ1924 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ «ጠመንጃው ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በጅማ ነበር» ካለ፣ በማን ስም እንደነበረ መጠየቅ ይገባል፤ የአባ ጅፋር ሰው የነበረ፣ ነጋዴ የነበረና ከ1924 በኋላ ከመሐል አገር በሹመት የመጣ ሰው የያዙት ጠመንጃ አንድ ዓይነት ታሪክ የለውም።

ይህ ማለት ግን ጅማ ከጠመንጃ ዘመን ውጭ ነበረች ማለት አይደለም። በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ የጦር አዛዥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ካፋን ሲወጉ የአባ ጅፋር ጦር ከጎናቸው ነበረ፤ አብዛኛው የካፋ ተዋጊ የያዘው ጦርና ጋሻ ሲሆን በወገናችን በኩል ያለው ግን ጠመንጃ ነበር። «ወገናችን» ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ከጅማ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘመቻ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ሊያልፈው አይገባም። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ በካፋ ያለ ቤተሰብ የዚያኑ ዘመን ጠመንጃ ሲያይ የሚያስታውሰው የአገር መጥፋትን ነው። በዓድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አገር ያዳነው ጠመንጃና ከአንድ ዓመት በኋላ ካፋን ያስገበረው ጠመንጃ በአብዛኛው ከአንድ ግምጃ ቤት የወጡ ናቸው፤ የሚጻፈው የቤተሰብ ታሪክ ሁለቱንም ሊሸከም ይገባል።

የወረራው ዘመን ሌላ ንብርብር ጨመረ። ጣሊያንን ሲዋጉ የነበሩት የኢትዮጵያ ጦር መሪ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን የሰጡት በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ነው፤ ጅማም የጣሊያኖች የደቡብ ምዕራብ ግዛት መቀመጫ ሆነች። ከተማይቱ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ከወራሪው ጦር እጅ የወጣ ብዙ መሣሪያ በአካባቢው ቀረ፤ በየቤቱ የሚገኘው ካርካኖ ሁሉ ግን በአርበኛ የተማረከ ነው ማለት አይቻልም፤ የተጣለ፣ የተሸጠና ለባንዳ የታደለም አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው በአጭሩ የሚታወቅ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ፣ የባለመሬቶች ትጥቅ መፍታትና የገበሬ ማኅበራት መታጠቅ፣ በግንቦት 1983 ደግሞ የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽ በየመንደሩ መዝለቁ። ከዚህ ወዲህ ያለው መሣሪያ ቅርስ ሳይሆን ዛሬም ሰው የሚገድል ነው።

የሕጉን ጉዳይ መጨረስ

በአሁኑ ጊዜ ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥና ማዘዋወር የተከለከለ ሲሆን፣ ፈቃዱም ለሰው የሚሰጥ እንጂ ከጠመንጃው ጋር እንደ ሰደፉ ተያይዞ የሚወረስ አይደለም። አባትዎ ፈቃድ ነበራቸው ማለት ለእርስዎ ፈቃድ አልዎት ማለት አይደለም። አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ ራስዎ ያንብቡት፤ በሰፈር ወሬ አይመሩ።

ሲያስረክቡ የርክክብ ሰነድ ይጠይቁ። ሰነዱ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ቁጥሩን፣ የጥይቱን ብዛት፣ ቀኑን፣ የተረካቢውን ስምና ፊርማ፣ ማኅተምና የእማኞችን ስም ይያዝ። በትሕትና ግን ሳይፈሩ ይጠይቁ፤ ዜጋ ሕግ ሲያከብር መንግሥትም በወረቀት ሊመልስለት ይገባል። ዕቃው ታሪካዊ ዋጋ አለው ብለው ካመኑ፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲታይ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የሰበሰቡትን ፎቶና የአዛውንቶች ቃል አባሪ ካደረጉ ማመልከቻው ክብደት ያገኛል። ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ በስውር መሸጥ ግን የቤተሰቡን ታሪክም ሕጉንም መጣል ነው።

ውይይቱን መምራት

ስለ ትጥቅ መብት የሚደረግ ውይይት በጅማ ሲጠራ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይካሄድ፤ ወጣቶች፣ አዛውንቶችና ሴቶች እኩል የመናገር ዕድል ያግኙ። ማንም ሰው ቤቱ መሣሪያ ይኑር አይኑር እንዳይጠየቅ ከመጀመሪያው ይነገር፤ ይህ ደንብ ካልተጠበቀ እውነተኛ ቃል አይገኝም።

በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ የአሜሪካ ክርክር መነሣቱ አይቀርምና መሪው አስቀድሞ ይዘጋጅበት። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ በ1791 የጸደቀ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በሄለር ጉዳይ ማሻሻያው የግለሰብን መብት እንደሚጠብቅ ወሰነ፤ በ2022 በብሩን ጉዳይ ደግሞ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ከአገሪቱ የታሪክ ልማድ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት አለ፤ በ2024 በራሂሚ ጉዳይ ግን በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እግድ የተጣለበትን ሰው መሣሪያ መከልከል እንደሚቻል አጸና። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው። ከዚህ የምንማረው፣ ታሪክ በችሎት ፊት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ የትኛው ታሪክ እንደሚመረጥ ራሱ ክርክር መሆኑን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የእኛ ሕገ መንግሥት ግን የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት የሚል አንቀጽ የለውም። ስለዚህ በጅማ ተቀምጦ «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው» የሚል ተከራካሪ የሌላ አገር ሕግ ይዞ ነው የሚሟገተው።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ የአውስትራሊያ ምሳሌ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ መንግሥቱ 650,000 ገደማ መሣሪያ ካሳ ከፍሎ ሰበሰበ። ይህን የሚጠቅስ ሰው ካሳውን ማን እንደሚከፍል፣ መሣሪያውን ያስረከበ ገበሬ በማግስቱ ማን እንደሚጠብቀው መመለስ አለበት። ፖሊስ በፍጥነት በሚደርስበት አገር የሠራ ነገር፣ ዝናብ መንገድ በሚዘጋበት ቀበሌ እንዲሁ ይሠራል ተብሎ አይታመንም።

መሪው ሁለቱም ወገኖች የተቃራኒያቸውን ብርቱ ክርክር ራሳቸው እንዲናገሩ ያድርግ። ትጥቅ ይፈታ የሚለው ወገን፣ አንዱ መንደር ፈትቶ ጎረቤቱ ሳይፈታ ሲቀር የሚመጣውን ጥፋት፣ ከአውሬና ከዘራፊ የሚጠበቀውን ከብት፣ ሌሊት ለማን ይጮኻል የሚለውን ጭንቀት በራሱ አንደበት ይግለጽ። ትጥቅ ይኑር የሚለውም በመሬት ወሰን ጠብ፣ በስካርና በቂም የጠፋውን ነፍስ፣ በሠርግ ተኩስ የሞተውን ልጅ፣ ሽማግሌዎች ጉማ (የደም ካሳ) አስከፍለው ያበረዱትን ደም አንድ ጥይት እንዴት እንደሚያድሰው ይናገር። ይህን ማድረግ የማይችል ተናጋሪ ገና ለመከራከር አልደረሰም።

ሌላው መቃናት ያለበት፣ «ነፃ የኖርነው ሕዝቡ ሁሉ ስለታጠቀ ነው» የሚለው አባባል ነው። ለዓድዋ የተሰለፈው ጠመንጃ በአመዛኙ በነገሥታቱና በመኳንንቱ የተገዛ፣ የተማረከና የታደለ ነበር፤ መሣሪያ ማግኘት የሹመትና የታማኝነት ጉዳይ እንጂ ለሁሉ የተከፈተ መብት አልነበረም። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ግን በግሉ ጠመንጃ የሸፈተ አርበኛ ብዙ ነው፤ ይህም በትጥቅ ደጋፊዎች ወገን የሚቆም ጠንካራ ማስረጃ ስለሆነ ሊሸፈን አይገባም።

የራሴን አቋም ለመናገር፣ ፈቃድና ምዝገባ መኖሩን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ትጥቅ ማስፈታት በሁሉም መንደር በእኩል፣ በአንድ ጊዜና በሰነድ ካልተፈጸመ ፍትሕ ሊባል አይችልም። የዘመቱትንና የገበሩትን ልጆች ባንድ ጉባኤ አስቀምጦ አንዱን ብቻ ማስፈታት የቆየ ቁስልን መነካካት ነው።

ከውይይቱ በኋላ ጸሐፊው የቀረቡትን ነጥቦች የተናጋሪዎቹን ስም ሳይጠቅስ በቃለ ጉባኤ ያስፍር። የአዛውንቶቹን ቃል የያዘው ድምፅ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ ሌላው ባለቤቶቹ በጽሑፍ ከፈቀዱ ለሙዚየም ወይም ለቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የተናጋሪው ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የተቀረጸበት ቀንና ቋንቋው ይጻፍበት፤ ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ ካሉ ግን በስሙ ፋንታ ምልክት ብቻ ይቀመጥ።